ከዱቄት የላመ ወርቅ

ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ወራት አለፉ፤ እግሬ ገባ እንጂ ልቤ ገና መንገድ ላይ ነው። ውኃ ልቀዳ ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ጎረቤቶቼ እያስቆሙ «አስካለ እንዴት ናት? ድሬስ እንዴት ያለ አገር ነው?» ይሉኛል። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ ስደግመው ወይ ይጎድላል ወይ ይተርፋል። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት የለመድኳትን ፊደል ይዤ ነገሩን እንደ አመጣጡ ላስቀምጠው አልኩ። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ግሸን በእግሬ፣ ዝቋላ በእግሬ፣ ቁልቢ በጭነት መኪና የሄድኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ «እማዬን ንፋስ ነው የወለዳት» ይላሉ። እንዲህ ያለ መንገድ ግን ሄጄ አላውቅም።

አስካለ ታናሽ እህቴ ናት። ገና ልጅ ሳለች ተሰማ የሚባል የባቡር ነጂ አግብታ ድሬዳዋ ወረደች። ተሰማ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ የሚነዳው ባቡር ፈንጂ ላይ ወጥቶ ሞተ፤ ከእሱ የሚቀበር እንኳ አልተገኘም። ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ደብረ ብርሃን፣ እሷ ድሬ፣ በደብዳቤ ስንኖር ስንኖር፣ ክረምቱ ሲገባ አንዲት አጭር ወረቀት መጣች። «እትዬ፣ ነቀርሳ ይዞሻል አሉኝ። ለጨረር ናይሮቢ ሊልኩኝ ነው። ጥርሴን ግን አልሰጥም። ነይ።»

ይቺን ነው የጻፈችው። የጥርሱ ነገር አልገባኝም። ነቀርሳ ሲባል የማውቀው የሳንባውን ነውና አንድ ቆርቆሮ ቅቤና አንድ ጠርሙስ ማር ይዤ ተነሳሁ።

ሰኞ

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ስቆም ረፈደ። ሊቀመንበሩ ምን ልታደርጊ ነው አለኝ፤ እህቴ ታማብኝ አልኩት፤ ወረቀቱ ላይ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈልኝና ማኅተሙን ሁለቴ አሳረፈበት፤ የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበር። አዲስ አበባ አውቶብሱ ሲያደርሰኝ ዝናቡ ያወርደው ነበር። ያረፍኩት ለገሃር አጠገብ፣ ቁልቢ ስሄድ ከተዋወቅኳት ከወይዘሮ አልማዝ ቤት ነው። ያለቻት አንድ አልጋ ናት፤ ለእኔ ለቀቀችልኝ። አይሆንም ብዬ ብከራከር «አንቺ ነገ ቀኑን ሙሉ እንጨት ላይ ልትቀመጪ ነው፤ ዛሬ ወገብሽን አሳርፊው» አለችኝ። ማለዳ ለባቡሩ ዳቦ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ማክሰኞ

እውነቷን ነው፤ ሦስተኛ ማዕረግ ወንበሩ እንጨት ነው። ባቡሩ እንደኛ አገር አውቶብስ አይቸኩልም፤ በየጣቢያው ቆሞ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። ናዝሬት ስንደርስ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ መተሐራ ላይ ሹራቤን፤ አዋሽ ላይ የማወልቀው አልቆብኝ ተቀመጥኩ።

ቅቤውን ከላይ ከዕቃ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደብረ ብርሃን ቅቤ በቢላዋ የሚቆረጥ ነገር ነው፤ ውኃ ይሆናል ብዬ በምን አስቤ! ከአዋሽ ወዲያ ትንሽ እንደ ሄድን ከሥሩ የተቀመጠው ወታደር ትከሻውን ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ፤ ወደ ላይ አየ። አናቱ ላይ ጠብ አለበት። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ግን ዞር ብሎ «እማማ፣ ሳልሾም ቀባሽኝ እኮ» አለኝ። ሰረገላው በሙሉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ስለ መቀባትና ስለ መንገሥ ጮክ ተብሎ አይቀለድማ። ወታደሩ ራሱ ደንገጥ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያ ተነስቶ ቆርቆሮውን አወረደልኝና እስከ ድሬ በጉልበቶቹ መሃል ይዞልኝ ሄደ።

ኤረር ላይ ሴቶች በመስኮት ብርቱካን ይሸጣሉ። ከኤረር ወዲህ ይሁን ወዲያ እንጃ፣ አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ወደ ውጭ እያመለከቱ በጦርነቱ ባቡር የነደደው እዚህ ነው ብለው ለጎናቸው ሰው አወሩ። ድንጋይና ግራር ብቻ ነው። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ያ ቦታ እስኪጠፋ አየሁት።

ድሬ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትበርዳለች፤ የድሬ ሙቀት ግን ከላይ ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ ይነሳል። አስካለ ጣቢያው በር ላይ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አቅፌ ስስማት ጉንጯ ሰርጉዶ አጥንቱን ሳምኩት። ሻሿን ዝቅ አድርጋ ምላሷን በጎን በኩል አሳየችኝ። በሽታው ሳንባዋ ላይ ሳይሆን ምላሷ ላይ ነው። ቅቤና ማሬን ይዤ ጣቢያው ላይ አለቀስኩ፤ እሷ አባበለችኝ።

ረቡዕ

ቤቷ ከባቡር መንገዱ ማዶ ነው፤ ግድግዳውን ከፋጡማ ጋር ትጋራለች። ፋጡማ መጋላ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ጨርቅ የምትነግድ፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ናት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ አልፋ በሶማልኛ ትጨርሳለች፤ ሁሉም ሰው ይገባዋል፤ ሁለት ቀን ሲሆነኝ እኔም ገባኝ። ጠዋት ለእኔ ፈጢራ የሚሉትን ስስ ቂጣ በማር ይዛ መጣች፤ ለአስካለ ደግሞ በጨርቅ የተጠለለ፣ እነሱ ሹርባ የሚሉት ሾርባ፤ ደረቅ ነገር አይወርድላትማ። ከታመመች ወዲህ አንድ ቀን አላቋረጠችም።

ስለ ጥርሱ የጠየቅኩት ያን ጊዜ ነው። የአስካለ የላይኛው ክራንቻ ወርቅ ለብሷል። እሷ መልስ ሳትሰጥ ፋጡማ አቋረጠችና ነገረችኝ፦ ጨረር ከመጀመሩ በፊት ጥርሱ ይውጣ ተብሏል፤ ግን ያው ዶክተር በራሱ አፍ «ወርቅ ጨረሩን ያባዛዋል» ብሏል። መድኃኒቱን የሚያባዛ ነገር እንዴት ይወጣል? ይልቅ መጨመር ነው እንጂ!

ይህንን ብላ ከሳጥን አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች፤ ፈታችው። የጆሮ ጉትቻ አለ፣ ቀለበት አለ፣ ክር ላይ የተሰኩ ወርቆች አሉ፣ አንዲት የሕፃን አምባር አለች። የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። አስካለ ናይሮቢ ይዛው ሄዳ፣ ጨረሩ ሲመጣ አንገቷ ላይ ትሰረው ብለው ነው። የፋጡማ ጆሮ ባዶ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

እኔም ልጨምር ብዬ የአንገቴን መስቀል አወለቅኩ፤ ብር ነውና «ብርም ይሠራ ይሆን?» አልኳቸው። ፋጡማ አሰበችና «ይግባ፣ ምን ይጎዳል» አለች። ጨመርኩት።

ሐሙስ

አስካለ ደክሟት ተኛች። እኔና ፋጡማ ጨርቁን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን፤ ወርቁ ይበቃ እንደሆነ ልንጠይቅ። ዶክተሩ ገና ወጣት ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። «ጓድ ዶክተር» ስለው «ጓዱን ተይው እማማ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ፋጡማ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታችና ስንት ይበቃል አለችው።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የሕፃኗን አምባር አየና ሳቁ ቀረ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሳጥሬ ነገርኳት» አለኝ። «ወርቅ ጨረር ሲያርፍበት ዙሪያውን ይረጨዋል። ጥርሷ ላይ ከሆነ የሚረጨው ጤነኛው ጉንጯ ላይ ነው። ያቆስላታል። ቁስሉ ከባሰ ጨረሩን መሃል ላይ ያቆሙታል፤ በሽታው ይቀራል ማለት ነው።»

«ይኼኛውስ?» አለች ፋጡማ ወደ ጨርቁ እያመለከተች።

«ከውጭ ቢታሰር ቆዳዋን ነው የሚጎዳው። ወርቁ መግባት የነበረበት እዚያው እብጠቱ ውስጥ ነው። ከዱቄት የላመ፣ ዓይን የማያየው ወርቅ ከደሟ ጋር ሄዶ በሽታው ውስጥ ቢቀመጥ፣ ጨረሩ የሚበዛው በሽታው ላይ ብቻ ይሆን ነበር። እናንተ አልተሳሳታችሁም። መንገዱ ነው የጠፋን።»

«ታዲያ ወፍጮ ቤት ወስደን እናስፈጨው» አለች ፋጡማ።

«በዚህ ወፍጮ እዚያ ድረስ አይልምም፣ ፋጡማ፤ የሚያልመው አልተሠራም። ገና ነው።»

ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ ቀኑን አስረዳን። ጥርስ ነቃዩ ሐኪም ከሐረር የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ነው። ጥርሷ በዚህ ቅዳሜ ከወጣ ቁስሉ ከበረራዋ በፊት ይደርቃል። ካለፈ ግን ቁስሉ ሳይድን ጨረር አይሰጧትም፤ ቦታዋን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ሕመምተኛ ወደ ውጭ የሚልከው ቦርድ እንደገና እስኪሰበሰብ ደግሞ እብጠቱ አይጠብቅም። እንዲህ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፋጡማ ጨርቁን መልሳ ቋጥራ ይዛ ወጣች። 

ዓርብ

ጠዋት ለአስካለ የሰማሁትን እንደሰማሁት ነገርኳት። ስጨርስ «ይህንን እኮ አውቀዋለሁ እትዬ» አለችኝ። «ዶክተሩ ሲነግረኝ ገብቶኛል። ሴቶቹ ሲሳሳቱ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

ምላሷ ስለሚከብዳት ቀስ እያለች ነው የነገረችኝ። ድሬ እንደመጣች ክራንቻዋ ተሰብሮ ነበር። ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች። ተሰማ ይህንን አይቶ አይቶ፣ አንድ ቀን የጋብቻ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ መጋላ ላሉ ወርቅ ሠሪ ወሰደው፤ እሳቸው አቅልጠው ለጥርሷ ልብስ ሠሩለት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጣቱን እያሳየ «ቀለበቴን ሚስቴ በላችው» ይል ነበር አሉ።

«ሌላው መቃብር ሄዶ ሻማ ያበራል» አለችኝ። «የእኔ ባል መቃብር የለውም። ያለችው ይቺ ናት። መቃብሩ አፌ ውስጥ ነው እትዬ። እሱን አስነቅዬ ነው የምድነው?»

 የአባታችን መቃብር ደብረ ብርሃን ነው፤ ስፈልግ እሄዳለሁ፣ ሣሩን እነቅላለሁ፣ እመለሳለሁ። የሚሄዱበት አለማግኘትን አላውቀውም። አጠገቧ ተቀመጥኩና እግሯን በተረፈው ቅቤ አሸሁላት።

ቀትር ሲሆን ራሷ ተነሳች። ወርቁን ለሐኪም እንደማትሰጠው፣ ያለበሱላት ሰውዬ አወልቃለሁ ካሉ ግን እሳቸው ያውልቁት አለች። ሰውዬው አው አህመድ ይባላሉ፤ «አው» በሐረሪዎቹ ለትልቅ ሰው የሚባል ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቃቸውን ይከፍታሉ ተብለን ሦስታችን ወጣን።

በከተማዋ መሃል ደቻቱ የሚሉት ወንዝ አለ። ወንዝ ስላችሁ እንደኛው የበሬሳ ወንዝ እንዳይመስላችሁ፤ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይተኛበታል፣ ሴቶች ቃሪያ ይሸጡበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስላል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ሰው ሁሉ ሽቅብ ይሮጣል፤ ከወደ ተራራው እንደ ባቡር የሚያጉረመርም ነገር መጣ። ዓይናችን እያየ አሸዋው ጠፋ፤ ቡናማ ውኃ ግንድና በርሜል እያንከባለለ አለፈ። ወደ ድልድዩ ስንሄድ አብዮት ጠባቂዎች ዘግተውታል። እስከ ምሽት ቆምን፤ ውኃው አልጎደለም።

አስካለ ያንን ውኃ ስታይ ቆይታ «ይኸው፤ ተሰማም አልወደደውም» አለች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ሄደች።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ፋጡማ በሩን መታች። ውኃው ጎድሏል፤ አው አህመድም እሷ ሰው ልካባቸው ሱቃቸውን ያለ ሰዓቱ ከፍተዋል። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ፋጡማ አልለመነቻትም፤ ጫማዋን አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላትና «ሰላም ብቻ በያቸው። ሽማግሌ ሰው ለአንቺ ብሎ ነው የተነሳው» አለቻት። ለሰላምታማ አስካለ እምቢ አትልም። ተነሳች።

የመጋላ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ትከሻውን ያዘነብላል። የአው አህመድ ሱቅ አንድ ሰው ቆሞ ሌላው የሚቀመጥባት ናት። እሳቸው ቆዳቸው ከአጥንታቸው የተጣበቀ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ አማርኛቸው ሴቱን «አንተ» ይላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ቢባል ጠብ ነው፤ ድሬ ላይ ግን ማንም ቅር አይለውም፤ እኔም ሦስት ጊዜ «አንተ» ተብዬ ደስ አለኝ።

«አንተ አስካለ፣ ና፣ ተቀመጥ» አሏት። አስካለ ቆማ ቀረች። ሻሿን ከአፏ አላወረደችም። ሰላም ልል ነው የመጣሁ አለቻቸው።

እሳቸው ትንሽ ጉጠታቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር፤ አቀርቅረው ነው የተናገሩት። «ተሰማ ቀለበቱን እዚህ ቆሞ ሰጠኝ። አንተ የቆምክበት ላይ። አንተ አታውቅም ነበር፤ እሱ ይቸኩላል፣ ባቡር አለው። ‹አው አህመድ፣ ሚስቴ ትሳቅ› ነው ያለኝ። ትሙትበት አላለኝም። ወላሂ፣ አላለኝም።»

 አስካለ ሻሿን አወረደች። ተቀመጠች። አፏን ከፈተች።

ጉጠቱን አነሱ። የወርቁን ልብስ በጎኑ ቆርጠው፣ እንደ አተር ቅርፊት ከፈት አድርገው አወጡት። ቀላል ነበር። በጥጥ ጠቅልለው ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ፤ «አንተ ያዝለት» አሉኝ።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። ጋሪው ግማሽ መንገድ ላይ በጎርፉ ጭቃ ተያዘ፤ ወርደን ገፋን፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ! ሐኪም ቤት ስንደርስ የሐረሩ ሐኪም ቦርሳውን ይዞ መኪና ሊገባ ነው። ፋጡማ የመኪናውን በር በጀርባዋ ዘግታ ቆመችና፣ ይቺን አንዲት ጥርስ ሳትነቅል ሐረርን አታያትም አለችው። ሰውዬው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ አስካለን አያትና ቦርሳውን አስቀመጠ። ከሥሩ የቀረው ጥርስ በስብሶ ነበር፤ ቶሎ ወጣ። አስካለ እጄን ይዛ ነበር፤ ሲጎትተው የጨበጠችው ጣቴ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመኛል። ይመመኝ።

እሑድ

ሴቶቹ ወርቃቸውን ሊወስዱ መጡ። እያንዳንዷ የራሷን ስታነሳ አዝና ነው እንጂ ደስ ብሏት አይደለም፤ ለምን እንደማይሆን ፋጡማ በሦስት ቋንቋ አስረዳች። «ወፍጮው አልተሠራም» ነው የምትላቸው በአጭሩ። አንዷ ስትስቅ አስካለም ሳቀች፤ ወዲያው እጇ እንደ ድሮው ተነሳና አፏን ሸፈነ። እጇ አልረሳውም። ሁላችንም ያላየን መሰልን።

አስካለ የራሷን ወርቅ ግን አልወሰደችም። ናይሮቢ ይጠፋብኛል፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ አለችኝ።

ሰኞ

ጣቢያው ድረስ ሸኙኝ። ፋጡማ ለመንገድ ብርቱካን፣ የቅቤውንም ባዶ ቆርቆሮ ሰጠችኝ፤ «በዚህ ስንት ሰው ቀባሽ?» ብላ ቀለደች። ስለ ወታደሩ አስካለ ነግራታለች ማለት ነው። አስካለ መስኮቱ ሥር ቆማ በሻሿ ውስጥ ሳቀች፤ እጇ አፏ ላይ ነው።

ባቡሩ ተነሳ። መሰናበት እጅ ይፈልጋል። አንዱን እጇን ፋጡማ ይዛታለች፤ የቀራትን ከአፏ ላይ አንስታ አውለበለበችልኝ። ሻሿ ወረደ። እየሳቀች ነበር፤ ክፍተቱ ከሩቅ ይታያል። ጣቢያው እስኪጠፋ እጇን ወደ አፏ አልመለሰችም። ከዚያ ወዲህ እሷን ሳስባት የምትመጣልኝ እንዲህ ሆና ነው።

ከናይሮቢ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። «እትዬ፣ ጨረሩ እሳት መስሎኝ ነበር፤ አይታይም፣ ሲነካም አይሰማም። ብቻዬን አጋድመውኝ በሩን ዘግተው ይወጣሉ። ማሽኑ እንደቆመ ባቡር ያጉረመርማል፤ ተሰማ መጣ እያልኩ እጠብቃለሁ። አንገቴ ላይ በቀለም ምልክት አድርገውብኛል፣ እንዳታጥቢው ብለውኛል። ምራቄ ደርቋል፤ ጉንጬ ቆስሏል፣ ግን የሚቻል ነው፤ አላቋረጡብኝም። በአስተርጓሚ ጠየቅኳቸው፤ ከዱቄት የላመ ወርቅ አላችሁ ወይ ብዬ። ሐኪሟ ከየት ሰማሽው አለችኝ። ከድሬ አልኳት። ገና ነው አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ አልጻፈችም። በየማክሰኞው ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ሠራተኛው ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ገና ነው እማማ» ይለኛል። ወርቁ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሯል። የእኛ አገር ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ስወጣ ስነካው በረዶ ነው። በመዳፌ ጨብጬው እመለሳለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ሞቆ አገኘዋለሁ።